ክብሪቱን አጥፉት

ጎንደር፣ ጥር 11 ማለዳ። በፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ዙሪያ ሕዝቡ ተፋፍጎ ቆሟል። ገሃድን ጾማ፣ ከከተራ ጀምራ በእግሯ ቆማ ያደረች ልጅ ፊቷ ይገረጣል፣ ላብ ያጠምቃታል፣ «አዞረኝ፣ ዓይኔን ጋረደኝ» ብላ ትዝለፈለፋለች። «ክብሪት! ክብሪት አምጡ!» ይባላል። ደግፈው ቁጭ ያደርጓትና የተጫረውን ክብሪት ከአፍንጫዋ ሥር ይይዙታል። ስትነቃ ምስጋናው ለክብሪቱ ነው።

ክብሪቱ ግን ምንም አልሠራም። ብዙ ሰዓት የቆመ ሰው ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል፤ ጾምና ውኃ ጥም ሲጨመርበት ግፊቱ ይወድቅና አንጎሉ ለአፍታ ደም ያጥረዋል። ቢጋደም ደሙ ይመለስለትና ብዙውን ጊዜ ወዲያው ይነቃል። ደግፎ ማስቀመጥ ይህንኑ መከልከል ነው። በጀርባዋ አስተኝቶ እግሯን ከፍ ማድረግ፣ መቀነቷን ማላላት፣ ከበው የቆሙትን ገለል ማድረግ ይበቃል።

ከክብሪቱ የከፋው ከዚያ በኋላ የሚለጠፈው ስም ነው። ራሱን የሳተ ሰው እጅና እግሩ ለጥቂት ሰከንድ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ያንን ያየ ጎረቤት «የሚጥል በሽታ አለባት» ይላል፤ ወሬው ካርድ ላይ ይሰፍርና ልጅቱ ያለ በሽታዋ ፊኖባርቢታል ስትውጥ ዓመታት ያልፋሉ።

በጣም የሚያስፈራኝ ግን የሌላዋ ነው። ደባርቅ አካባቢ ጀሪካን አዝላ ዳገት ስትወጣ፣ በሸክሙ መሐል ድንገት የምትወድቀው። እንዲህ ያለ አወዳደቅ በቅድሚያ ልብን ያስጠረጥራል። በልጅነት በወጉ ያልታከመ ቶንሲል የልብን ቫልቭ ሊያበላሽ እንደሚችል፣ ይህም በአገራችን ብዙ ወጣቶችን እንደሚያጠቃ የታወቀ ነው። እሷን «ደም ማነስ ነው፣ ቀይ ሥር ብዪ» ብሎ መመለስ በሕይወቷ መፍረድ ነው።

ሦስቱን፣ ማለትም ተራ ራስ መሳትን፣ የሚጥል በሽታንና የልብ ሕመምን የሚለየው መጀመሪያ ጥያቄ ነው። ቆማ ነበር ወይስ ስትሮጥ? ፊቷ ገርጥቶ ነበር? ምላሷን ጎኑን ነክሳለች? እንደነቃች ሰው ለየች ወይስ ግራ ተጋብታ ቆየች? ከቤተሰቡ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ አለ? ልጅቱ አብዛኛውን አታውቀውም፤ የሚያውቀው ስትወድቅ ያያት ነው። እኛ ግን በድንገተኛ ክፍል በር ላይ መጀመሪያ የምንለው «አስታማሚ ውጭ!» ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. ለገጠሩ ጤና መኮንኖችን ለማሠልጠን ኮሌጅ በተከፈተባት ከተማ፣ በጎንደር፣ ይህ ሊሆን አይገባም። ያየው ሰው ይግባና ይናገር። ከዚያ ግፊቷ ተኝታም ቆማም ይለካ፣ ልቧ በጆሮ ይደመጥ፣ ኢሲጂ ይነሣ።