የሚናቀው የትኛው ነው?

ለበዓል ወደ ወላጆቻችን ስንሄድ ማካሮኒና ብስኩት ይዘን መግባት የሥልጣኔ ምልክት መስሎናል። ሽሮ ግን የሚናቅ ምግብ አይደለም፤ ጤፍ የሚያንሰውን የሰውነት መገንቢያ አተሩና ሽምብራው ይሞሉለታል። ሊጡም ቦክቶ መጋገሩ በእህሉ ያለው ብረት ለሰውነት እንዲተርፍ ይረዳል። በደቡብ አገራችንም እንሰት ዝናም በታጣበት ዘመን ብዙ ቤተ ሰብ ከረኃብ አውጥቷል።

የሚናቅስ ከተፈለገ ሌላ አለ፤ ይኸውም አባወራና እንግዳ በልተው እስኪነሡ እናት በጓዳ ቆይታ የተረፈውን መቅመሷ ነው። ነፍሰ ጡር ስትሆን ብረት ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋት እርሷ ናት። ቡናም ምግብ እንዳበቃ ሲጠጣ የብረቱን ጥቅም ስለሚቀንስ 1 ሰዓት ያህል ይቈይ።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፣ በመጪው በዓል ይዘን የምንገባው ይህን ይሁን፤ እናታችን ከሁላችን ጋራ በመሶቡ ዙሪያ ተቀምጣ ሳትጣደፍ ትብላ።