ሄሊኮፕተር ነጂ ልሁን የሚል ተማሪ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው

የምርቃት ወራት እየቀረበ ሲሄድ በኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ክፍሎችና በምግብ አዳራሹ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ከዚህ ቀጥሎ ወዴት?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ «ሄሊኮፕተር ነጂ እሆናለሁ» የሚል ነው። አንዳንዱ የአየር ኃይልን የምልመላ ማስታወቂያ ይጠባበቃል። ሌላው ደግሞ በባሕር ማዶ የበረራ ትምህርት ቤት ስም ደላላ ያመጣለትን ወረቀት ይዞ ለወላጆቹ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ወላጆችም የቡናውን ወይም የጫቱን ማሳ መሸጥ አለመሸጣቸውን ይመክራሉ። ጉዳዩ የአንድ ወጣት ሕልም ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ ጥሪትና የማይመለስ የወጣትነት ዘመን ያለበት ስለ ሆነ፣ በዚህ እትም በግልጽ ልንነጋገርበት ወደናል።

በመጀመሪያ ሕልሙን አንንቀው። የጨርጨርን ተራሮች የሚያውቅ ሰው ይህ ምኞት ከየት እንደ መጣ አይጠፋውም። ከጭሮ ወደ ሒርና፣ ከበዴሳ ወደ ገለምሶና ወደ መቻራ የሄደ ሁሉ መንገዱ ስንት ጊዜ እንደሚጠማዘዝ ያውቃል። ከዋናው መንገድ የራቀው የቦኬ ወይም የዶባ ገበሬ ምጥ የጠናባትን ሚስቱን በቃሬዛ አሸክሞ መኪና እስከሚገኝበት ቦታ ድረስ መውረድ አለበት። የመንገደኞች አይሮፕላን የሚያርፍበት ለእኛ የሚቀርበው ከተማ ድሬዳዋ ነው። እንግዲህ ማኮብኮቢያ ሜዳ ሳይፈልግ በጠባብ ቦታ ላይ ወርዶ ሰው አንሥቶ የሚሄድ መሣሪያ ለእንዲህ ያለ አገር የተሠራ ቢመስል ምን ይደንቃል?

ይሁን እንጂ መሣሪያውን የሚወድ ሰው ጠባዩንም ሊያውቅ ይገባል። በኪየቭ ተወልዶ በአሜሪካ የሠራው ኢጎር ሲኮርስኪ ቪኤስ-300 የተባለውን ሄሊኮፕተር ከመሬት ያነሣው በ1939 እ.ኤ.አ. ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1944 በበርማ ጫካ የወደቁ ሰዎች በሄሊኮፕተር ወጡ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ብዙ ቢሻሻልም የነጂው ሥራ መሠረቱ አልተለወጠም፦ ግራ እጅ ከፍታውን፣ ቀኝ እጅ አቅጣጫውን፣ ሁለቱ እግሮች የአፍንጫውን መዞር ይቆጣጠራሉ፤ አንዱ ሲነካ ሦስቱም መስተካከል አለባቸው። ሞተር ቢቆም ነጂው በቅጽበት የላይኛውን ክንፍ ዘንበል አድርጎ፣ ከታች በሚመጣው ነፋስ እንዲሽከረከር በማድረግ ማሳረፍ ይችላል፤ ይህ ግን በብዙ ልምምድ የሚገኝ ችሎታ ነው። በተለይም ለአገራችን የሚመለከተው ይህ ነው፦ በጭሮ ከፍታ፣ ማለት በ1,800 ሜትር ገደማ፣ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው በ16 ከመቶ ያህል ያንሳል፤ የቀን ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚያነሣው ሸክም ይቀንሳል። ስለዚህ በቆላ ስድስት ሰው የሚያነሣ መሣሪያ በደጋ ያንኑ ያህል ላያነሣ ይችላል። በሥዕል የሚታየው ሄሊኮፕተርና በተራራ ላይ የሚነዳው ሄሊኮፕተር አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ተማሪው ዘወትር የሚጠይቀው «መንዳት እችላለሁን?» ብሎ ነው። እኛ ግን ከዚያ በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ እንላለን፤ እርሱም «የምነዳው የማንን ነው? ለማንስ ትእዛዝ እታዘዛለሁ?» የሚለው ነው። ምክንያቱም ሄሊኮፕተር እንደ ታክሲ በግል ገንዘብ ተገዝቶ የሚሠራበት ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ ለዚህ ሙያ የሚያገባው ትልቁ በር የአየር ኃይል ነው። የአየር መንገዳችን የበረራ ትምህርት በአፍሪካ ስሙ የተጠራ ቢሆንም የተቀናበረው ባለ ክንፍ አይሮፕላን ለሚነዱ ነው፤ የአይሮፕላን ፈቃድ ደግሞ ለሄሊኮፕተር አያገለግልም። «ዋናው መብረር ነው» የሚል ሰው ከዚሁ ላይ ቆም ብሎ ያስብ፤ የሚፈልገው መብረርን ብቻ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነውና።

የአየር ኃይሉን በር የመረጠ ሰው ሙያ ብቻ ሳይሆን መሐላም መርጧል። የመጀመሪያዎቹ አይሮፕላኖች በነሐሴ 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሱ ወዲህ የዚህ ኃይል ታሪክ ከአገሪቱ ታሪክ ተለይቶ አያውቅም። በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ሄሊኮፕተሮች ወታደርና መሣሪያ በተራራ ላይ እያሻገሩ ለካራማራ ድል ረድተዋል፤ ይህም በዚሁ በሐረርጌ ምድር የተፈጸመ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜ የፖላንድ የሄሊኮፕተር ቡድን መጥቶ መኪና ወደማይደርስባቸው ቦታዎች የሚደረገውን የእህል ርዳታ አግዟል። በ2002 ዓ.ም. አምስት የኢትዮጵያ ሄሊኮፕተሮች ለሰላም ማስከበር ዳርፉር፣ ኒያላ ገብተዋል። ይህ ሁሉ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን የታሪኩን ግማሽ ብቻ ነግረን ግማሹን ብንሸሽግ አንባቢያችንን ማታለል ይሆናል። በሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በሐውዜን ገበያ ላይ ከሰማይ የወረደው እሳት የወደቀው በራሳችን ወገን ላይ ነበር። ያን ቀን የበረሩትም አንድ ጊዜ እንደ እኛ ተማሪ የነበሩ፣ መብረርን የወደዱ ወጣቶች ነበሩ።

ይህን የምንጽፈው ወታደርነትን ለማንቋሸሽ አይደለም። አገር ያለ ጠባቂ አትኖርም፤ ጠባቂውም የተማረና ኅሊና ያለው ቢሆን ለሁላችንም ይበጃል። የምንለው ይህ ብቻ ነው፦ «ምጥ የያዛትን እናት ላነሣ» ብሎ የሚገባ ተማሪ ምድቡን የሚወስኑት አለቆቹ እንጂ እርሱ እንዳልሆነ አውቆ ይግባ። ለማጓጓዣ ይመደብ ይሆናል፤ ለተዋጊም ይመደብ ይሆናል፤ ጨርሶ ሄሊኮፕተር ላይደርሰውም ይችላል። የአገልግሎት ግዴታው ስንት ዓመት እንደ ሆነ ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ ይጠይቅ። መሐላውን በሙሉ ልቡ የሚምል ከሆነ ይሂድ፤ እኛም በኩራት እንሸኘዋለን።

ሁለተኛው በር በግል ገንዘብ በውጭ አገር መማር ነው። እዚህ ላይ ቁጥሩን እንመልከት። በአሜሪካ ሕግ ለግል ሄሊኮፕተር ፈቃድ ቢያንስ 40 ሰዓት፣ በደመወዝ ለመንዳት ለሚያስችለው ፈቃድ ደግሞ ባብዛኛው 150 ሰዓት የበረራ ልምድ ይጠየቃል። ክፍያው በሰዓት የሚቆጠር ስለ ሆነ ጠቅላላው ወጪ ብዙ አሥር ሺህ ዶላር ይደርሳል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያ ገንዘብ በብር ሲመነዘር የአንድ መካከለኛ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ጥሪት ቢሸጥም አይሞላውም። ፈቃዱ ከተገኘ በኋላም መከራው አያበቃም። ትላልቆቹን ሄሊኮፕተሮች የሚያሠሩ ድርጅቶች የሚፈልጉት 150 ሰዓት ያለውን ሳይሆን ወደ 1,000 ሰዓትና ከዚያም በላይ የበረረውን ነው፤ በዚያ አገር ያለው ጀማሪ ይህን የሚሞላው በአስተማሪነት እየሠራ ነው፤ የእኛ ልጅ ግን የሥራ ፈቃድ ላያገኝ ይችላል። ወደ አገሩ ቢመለስ ደግሞ ፈቃዱ በኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን መታወቅ አለበት፤ ቢታወቅለትም የሚነዳው ሄሊኮፕተር ማግኘቱ ሌላ ነገር ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው፣ ማሳ ሽጦ የገዙትን ወረቀት ይዞ ከመቀመጥ አስቀድሞ መመዘን ይሻላል። ደላላው ስለ ሰማዩ ብዙ ይናገራል፤ ቀጣሪው ማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ ግን አንደበቱ ይታሰራል።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። ለደመወዝ የሚበር ሰው በየጊዜው በሐኪም ይመረመራል። ዐይን ወይም ልብ አንድ ቀን ቢታወክ የብዙ ዓመት ሙያ በአንድ ወረቀት ይቆማል። ስለዚህ «ዲግሪውን አቋርጬ ልሂድ» ለሚሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የምንመክረው ጨርሳችሁ ሂዱ ብለን ነው። የዚህችን ከተማ ታሪክ ልብ በሉ። አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩት የጨርጨር ገዥ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩስያ የተማሩት የመድፈኛነት ሙያ ነበር። በመድፍ ትምህርት ብቻ ቢወሰኑ ኖሮ ግን ከተማ አያቀኑም፣ ተውኔት አይጽፉም፣ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በማርቀቅም አይታወቁም ነበር። አንድ ሙያ በር ይከፍታል፤ ሰውን የሚያቆመው ግን ከዚያ የሰፋ ዕውቀት ነው።

«እንግዲህ ማንም አይሞክረው ማለታችሁ ነውን?» የሚለን ይኖራል። አይደለም። በ1992 ዓ.ም. ሞዛምቢክ በጎርፍ ስትጥለቀለቅ የደቡብ አፍሪካ ሄሊኮፕተሮች ከጣራና ከዛፍ ላይ ከዐሥር ሺህ በላይ ሰው አንሥተዋል። ሞዛምቢክ ግን የጎረቤቷን ደግነት መጠበቅ ነበረባት። በሩዋንዳ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ሰው አልባ ትናንሽ አይሮፕላኖች ለሐኪም ቤቶች ደም ያደርሳሉ፤ ብዙዎች «ሄሊኮፕተር ዘመኑ አልፏል» የሚሉትም ይህን አይተው ነው። ደሙን ወደ እናቲቱ ማድረስ ይቻል ይሆናል፤ እናቲቱን ወደ ሐኪም ማድረስ ግን እስከ ዛሬ ነጂ ይፈልጋል። ስለዚህ ሙያው አስፈላጊ አይደለም አንልም። የጎደለው ሙያው የሚያገለግልበት ሕዝባዊ ድርጅት ነው እንላለን። የጤና፣ የመልክዐ ምድርና የምጣኔ ሀብት መምህሮቻችን፣ ለምሥራቁ ደጋ ድሬዳዋን መነሻ ያደረገ የሕሙማን ማንሻ አገልግሎት ስንት ገንዘብ እንደሚጠይቅና ከአምቡላንስና ከመንገድ ሥራ ጋር ሲነጻጸር የሚያዋጣ መሆን አለመሆኑን ቢያጠኑልን፣ ይህ የተማሪ ሕልም ለሕዝብ የሚጠቅም ጥያቄ ይሆን ነበር።

ሴት ተማሪዎች ከዚህ ምክክር ውጭ እንዳልሆኑም እናስታውሳለን። ወይዘሮ ሙሉእመቤት እምሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት በረራ ተምረዋል፤ ካፒቴን አምሳለ ጓሉም በ2003 ዓ.ም. የአየር መንገዳችን የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነዋል።

በመጨረሻ፣ ለመወሰን የተዘጋጀ ተማሪ አራት ነገር በወረቀት ላይ ጽፎ በሐቀኝነት ይመልስ፦ አንደኛ፣ የሚቀጥረኝ ማን ነው? ሁለተኛ፣ ለርሱ ትእዛዝ እስከ ምን ድረስ ልታዘዝ እችላለሁ? ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ከማን ጉሮሮ ይወጣል? አራተኛ፣ መብረር ብከለከል በማግስቱ ምን ሠርቼ እበላለሁ? ለአራቱም መልስ ያለው ይሂድ፤ መንገዱም ይቅናው። መልስ የሌለው ደግሞ አይፈር፤ ማሳውን ሳያሸጥ፣ ትምህርቱን ሳይጥል ይቆይና ይጠይቅ። ለወላጆቹም ደብዳቤውን ከመላኩ በፊት እነዚህን አራት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ይጨምርበት።