መሮውን ከልክሉን፣ ግን ጠረጴዛ ስጡን

በዚህ እትም «የኔ ሐሳብ» የሚለው ዓምድ ተራው የእኔ ስለሆነ ከእንጨት የሰው ፊት ስለመቅረጽና ቀለም ስለመቀባት ልጽፍ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ይሄ ደግሞ ምን ይጻፍበታል?» ብላችሁ ገጹን ልታልፉት ትችላላችሁ። እስቲ ትንሽ ታገሡኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር ጠዋት ሰልፍ ላይ ማንኛውም ተማሪ ቢላዋ፣ ምላጭ፣ ካተርና መሮ ይዞ ወደ ግቢ እንዳይገባ ተነግሮናል። ከዚያ ወዲህ በዕረፍት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ተቀምጠን እንጨት የምንቀርጸው ሰባት ልጆች ሥራ አቁመናል። እኔ ክልከላውን አልቃወምም። ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ መሮ የያዘ ልጅ በአጠገቡ እንዲሮጥ አልፈልግም። ግን ክልከላው ግማሽ ነው። የት እንደማይቻል ነገረን፤ የት እንደሚቻል አልነገረንም። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ አጭር ነው፦ መሮ በቦርሳ መያዙ ይከልከል፤ ትምህርት ቤቱ ግን አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የሚቆለፍ ሣጥንና በሳምንት አንድ ሰዓት ይስጠን። ለምን እንደምጠይቅ ላስረዳ።

መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ ላላያችሁት ልንገራችሁ። ሐውልት ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን አደባባይ ላይ የቆመ ድንጋይ ወይም ነሐስ ነው። የእኛ ግን ትንሽ ነው። ከራስ እስከ ደረት ብቻ ሆኖ ቁመቱ እስክሪብቶ ያክላል። እንጨቱን የምናመጣው ከሰፈር እንጨት ቤቶች ነው። ቁራጭ ሞራሌ ለእነሱ ማገዶ ነው፤ ለእኛ ግን ሰው ይሆናል። የዋንዛ ቁራጭ የተገኘ ቀንማ በዓል ነው፤ ለመሮ አያስቸግርም። (ዋንዛ አለች ብላችሁ ዛፍ እንዳትቆርጡ! የምንጠቀመው የተጣለውን ብቻ ነው።) ወይራ ለጀማሪ አይሆንም፤ ድንጋይ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ደግሞ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ዛሬ የሣቀ ፊት በሳምንቱ ለሁለት ተከፍሎ ታገኙታላችሁ።

አቀራረጹ ብልሃት አለው። ጀማሪ ሁሉ ፊቱን በሞራሌው ጠፍጣፋ ጎን ላይ ይሥላል። ከዚያ አፍንጫ ለማውጣት ሌላውን ሁሉ ሲቆፍር ይውላል፤ በመጨረሻም ዳቦ ላይ የተሣለ ፊት ይመስላል። አፍንጫውን በእንጨቱ ጠርዝ ላይ ብታደርጉት ግን ጉንጮቹ በሁለቱም በኩል ራሳቸው ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ሌላው ዐይን ነው። ሁላችንም ስንሥል ዐይንን ወደ ግንባር እንሰቅለዋለን። እስቲ አሁን በእጃችሁ ለኩ፦ ከአናታችሁ እስከ ዐይናችሁ፣ ከዚያ ደግሞ ከዐይናችሁ እስከ አገጫችሁ። እኩል አይደለም? ዐይን ያለው የጭንቅላት መሀል ላይ ነው። እንጨቱም የራሱ ክር አለው። መሮው ክሩን ተከትሎ ሲሄድ እንጨቱ በቀላሉ ይላጣል፤ ከክሩ ጋር ሲጣላ ግን ይፈነቀልና አፍንጫው ተገንጥሎ ይወድቃል። አፍንጫው የወደቀ ንጉሥ በእኛ ዘንድ ጦጢት ሆኖ ይጨረሳል።

ቀለሙም እንደዚሁ ነው። «የሰው መልክ» ተብሎ በጣሳ የሚሸጥ ቀለም የለም። ቀይ፣ ቢጫና ትንሽ ሰማያዊ ሲቀላቀሉ ቡናማ ይወጣል፤ ከዚያ ነጭ ወይም ጥቁር እየጨመሩ መፈለግ ነው። አንድ ቀን ሰባታችን እጃችንን ጎን ለጎን ብናስቀምጥ ሰባት ዓይነት ቡናማ ሆነ። ቀለሙን በውሃ አቅጥናችሁ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን ደርቡ፤ ወፍራም ቀለም ለፍታችሁ የቀረጻችሁትን ሽብሽብ ይደፍነዋል። በመጨረሻ በክብሪት እንጨት ጫፍ ዐይኑ ላይ ነጭ ነጥብ ስታደርጉ ያ እንጨት ያያችኋል። እውነቴን ነው፣ ያያችኋል።

አሁን ወደ ምክንያቶቼ ልግባ።

አንደኛ፣ ፊት መቅረጽ ሰውን ማየት ያስተምራል። በራችን ላይ የሚቆሙትን ጥበቃ አባባን ለሦስት ዓመት በየቀኑ አይቻቸዋለሁ። «ባጅሽ የታለ?» ይሉኛል፣ አሳያቸዋለሁ፣ እገባለሁ። ፊታቸውን ለመቅረጽ ስነሣ ግን ግራ ቅንድባቸው በጠባሳ ለሁለት መከፈሉን ያን ቀን ገና አየሁ። ብጠይቃቸው ልጅ ሆነው ከብት ሲጠብቁ በሬ በቀንዱ እንደወጋቸው ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ባጄን ሳሳያቸው እንደ በፊቱ ዝም ብዬ አላልፍም፤ «እንዴት አደሩ አባባ?» እላለሁ። ደግሞ ሌላም ነገር አለ። በየክፍላችን «ጆሮ ትልቁ»፣ «ግንባሬ» እየተባሉ የሚጠሩ ልጆች አሉ። እኛ ጋ ግን ትልቅ ጆሮ ያለው ልጅ ሁላችንም ልንቀርጸው የምንሻማበት ልጅ ነው። የሁሉም ሰው ፊት አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ሥራችን ይሰለች ነበር።

ሁለተኛ፣ የራሳችንን ሰዎችና ተረቶች ቅርጽ ይሰጣቸዋል። ሱቅ ሂዱና አሻንጉሊት ጠይቁ፤ የሚሰጧችሁ ስፓይደርማን ነው። አለቃ ገብረ ሃናን የሚሸጥ ሱቅ አይታችኋል? አያ ጅቦንስ? የሌለውን ራሳችን መሥራት እንችላለን። ይሄ ደግሞ ያስባል። ለምሳሌ አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። እኛ ግን የምንቀርጸው እስከ ደረት ብቻ ስለሆነ እግር የለንም! ታዲያ ያንን ሰው በፊቱ ብቻ እንዴት አድርገን እናሳየው? በዚህ ላይ ለሦስት ቀን ተከራከርን። አንዱ ላብ እንቀባው አለ፣ አንዷ ጥርሱን ነክሶ ይሁን አለች። በኋላ ፎቶውን አገኘንና ስናየው ፊቱ የተረጋጋ ነው፤ የሚሮጥ ሰው አይመስልም። እኔ ስለ አበበ ቢቂላ ከዚያ ክርክር የተማርኩትን ያህል ከየትም አልተማርኩም።

ሦስተኛ፣ እንጨት መቅረጽ የአገራችን ጥበብ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ የሚኖሩት ኮንሶዎች ዋካ የሚባል የእንጨት ሐውልት አላቸው። ጠላት ወይም እንደ አንበሳና ነብር ያለ አውሬ የገደለ ጀግና ሲሞት ለመታሰቢያው ይቀረጽለታል፤ ከጎኑም ሚስቶቹና የገደላቸው ተቀርጸው ይቆማሉ። ስለዚህ ዋካውን ያየ ሰው ጽሑፍ ሳያስፈልገው የሰውየውን ታሪክ ያውቃል። የኮንሶ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የሚያሳዝነው ግን ብዙ ዋካዎች ከቆሙበት እየተሰረቁ ተሽጠዋል፤ ከሌቦች እጅ የተመለሱት ካራት ከተማ ባለው ሙዚየም ይታያሉ። ሌባ እንኳ ዋጋውን ያወቀውን ጥበብ እኛ «የሥራ ፈት ጨዋታ» ስንለው አይገርምም?

አሁን ደግሞ የሚቃወሙንን ሰዎች ሐሳብ ልመልስ፤ ምክንያቱም እነሱም ዝም ብለው አልተናገሩም።

«አደገኛ ነው» ይላሉ። አዎ፣ ስለት ስለት ነው። ግን የኮምፓስ ጫፍም እኮ ይወጋል። ኮምፓስ አልተከለከለም፤ አያያዙን ነው የተማርነው። መሮም ሕግ አለው። እንጨቱ በእጅ አይያዝም፣ በሞርሳ ይታሰራል። ሁለቱም እጅ ከስለቱ ኋላ ይሆናል። መሮ ወደ ራስም ወደ ጓደኛም አይገፋም። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ የደነዘዘ መሮ ከተሳለው ይብሳል፤ ብዙ ጉልበት ስለሚጠይቅ ድንገት ያመልጣል። ይሄን ሁሉ በጓሮ ተደብቆ መማር አይቻልም። ጠረጴዛና ተቆጣጣሪ የምንጠይቀውም ለዚሁ ነው። ትምህርት ቤት ከከለከለ ልጁ ቤቱ ሄዶ ብቻውን፣ የሽንኩርት ቢላዋ ይዞ ይሠራል። የቱ ነው የሚያስፈራው?

«ትምህርት ያስረሳል» ይላሉ። የሚኒስትሪ ፈተና በሚቀጥለው ዓመት እንዳለብን አውቃለሁ። የምንጠይቀው ግን በሳምንት አንድ ሰዓት ነው። በዚያ ላይ የሒሳብ መምህራችን ጥምርታ ሲያስተምሩን «ጆሮ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ግርጌ» እያልኩ ነበር የገባኝ። ክወናና ዕይታ ጥበባት የሚባል የትምህርት ዓይነትም አለን፤ መጽሐፉን አንብበን ብቻ የምንፈተን ከሆነ «ዕይታ» የሚለው ቃል ምን ሊሠራ ነው?

«የሴት ልጅ ሥራ አይደለም» ያሉኝም አሉ፤ «ልትጠርቢ ነው እንዴ የተማርሽው?» ያለኝ ትልቅ ሰውም አለ። ይሄኛው ነው የሚያናድደኝ። አገራችን ውስጥ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩና ጠራቢው ሲሰደቡ ኖረዋል፤ ሰዎች ግን በእነሱ ድስት እየበሉ፣ በእነሱ ማረሻ እያረሱ፣ የእነሱን ጋቢ ለብሰው ነበር የሚሰድቧቸው። አፄ ምኒልክ እንኳ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ገና አልሞተም። እኔ ዶክተር ልሁን ጠራቢ ገና አላውቅም። ግን እጄ አንድ ነገር መሥራት መቻሉ የሚያሳፍርበት ምክንያት አይታየኝም። ሴትነቴም ከመሮው ጋር አልተጣላም።

አያቴ ደግሞ የመጀመሪያውን ሥራዬን አይታ «ልጄ፣ ጣዖት ነው እንዴ የምትቀርጪው?» አለችኝ። እኔም «የምሰግድለት ሳይሆን የምስቅበት ነው» ብዬ አያ ጅቦን ሳሳያት እሷም ሳቀች። ሆኖም ይሄ ቀልድ ብቻ አይደለም። በእምነቱ ምክንያት የሰው ፊት መቅረጽ የማይፈልግ ተማሪ ካለ መከበር አለበት። እሱ ማንኪያ፣ ሳጥን ወይም ቅጠል ይቅረጽ። ጠረጴዛው ለሁሉም ይበቃል።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን አስተዳደርና ለመምህራን የማቀርበው ሐሳብ ይሄ ነው፦

1. ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ ከተከመሩት የተሰበሩ ዴስኮች አንዱ ተጠግኖ ሞርሳ ይታሰርበት። የተረፈው የዴስክ እንጨት ራሱ ለእኛ ብዙ ፊት ይወጣዋል።

2. መሮ፣ ሞረድና መጋዝ በሣጥን ተቆልፈው ቁልፉ በሥዕል መምህራችን እጅ ይሁን። ማንም ተማሪ ስለት ይዞ አይግባ፣ ይዞም አይውጣ።

3. ዓርብ ከትምህርት በኋላ አንድ ሰዓት፣ መምህር ባለበት ብቻ እንሥራ። ሕግ የጣሰ ወዲያው ይታገድ፤ እኔንም ጨምሮ።

4. ገንዘብ አንጠይቅም። ቁራጭ እንጨት እንሰበስባለን፤ የብርጭቆ ወረቀቱንም አዋጥተን እንገዛለን። ቤታቸው ከተቀባ በኋላ ትንሽ ፕላስቲክ ቀለም የተረፋቸው ወላጆች ካሉ ግን እባካችሁ አትድፉት።

5. በዓመቱ መጨረሻ በወላጆች ቀን ሥራችንን እናሳይ። እኔ የማስበው ርዕስ «ግቢያችንን ያቆሙ ፊቶች» የሚል ነው። ጥበቃ አባባ፣ ጽዳት የሚሠሩት እናቶች፣ የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ፣ ደወል የሚደውሉት አባት፤ ሁሉም ከእንጨት ተቀርጸው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። በግድግዳችን ላይ የታላላቅ ሰዎች ሥዕል አለ፣ ጥሩ ነው። እነዚህ ሰዎች ግን አንድም ቦታ የሉም።

ውድ አንባቢያን፣ በሐሳቤ የምትስማሙም የማትስማሙም ካላችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ባለው የክበባችን ሣጥን ውስጥ ክተቱልን። በተለይ ተቃዋሚዎች ጻፉ፤ በሚቀጥለው እትም ሳንቆርጥ እናወጣዋለን። መምህራን ደግሞ መልሳችሁን በሰልፍ ላይ ብትነግሩን ደስ ይለናል፤ ክልከላውንም የሰማነው እዚያው ነበርና።

ከ7ኛ «ለ» ክፍል
የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል