የርካሽ ሽጉጥ ቃታ ሲላላ ማን ይጎዳል?

አሜሪካ የሚኖረው ወገናችን ሽጉጥ መታጠቅ ከጀመረ ሰነባብቷል። እኔ አልፈርድበትም። ሌሊቱን ነዳጅ ማደያ ውስጥ ብቻውን የሚያድር፣ ታክሲ የሚነዳ፣ የመጠጥ መደብር የከፈተ ሰው ምን እንደሚፈራ ቨርጂኒያ ተቀምጬ በደንብ አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ ያለው አንባቢ «ታዲያ እኔን ምን አገባኝ?» ይል ይሆናል። ወንድምህ ወይም እህትህ እዚህ ሌሊት ሒሳብ ተቀባይ ከሆኑ ያገባሃል። የኔ ጥያቄ፣ ከ300 ዶላር በታች ሽጉጥ ገዝቶ ሳምንት ሳይሞላው «ቃታው ጠነከረብኝ» እያለ ቃታና ሞላ የሚለውጠው ሰው ምን ነካው? የሚል ነው። (ሞላ ስል ያን ጥምዝምዝ ብረት ማለቴ ነው፤ ጎረቤታችሁን ጋሼ ሞላን አይደለም።)

ርካሽ ሽጉጥ የረከሰበት ምክንያት አለው። ፋብሪካው የሚቆጥበው ልፋቱን ነው። እርስ በርስ የሚፋተጉት ብረቶች እንደ ውዱ አልተለሰኑም፤ ቃታው ሲሳብ ይጎረብጣል፣ መንገዱ ይረዝማል፣ መቼ እንደሚለቅም አያስታውቅም። ይህን ያዩ ነጋዴዎች ቀላል ቃታና ለስላሳ ሞላ በከረጢት አሽገው «ራስህ ግጠመው» ይላሉ። አንዳንዱ የሽጉጡን ግማሽ ዋጋ ያወጣል። ለአሮጌ ቮልስ የማርቸዲስ መሪ መግጠም ማለት ይኸው ነው።

ለመሆኑ ሞላው ምን ይሠራል? ቃታው ሲሳብ፣ ወደ ኋላ ተይዞ የቆየው መቺ መርፌ ይለቀቃል። መርፌውን ወደፊት የሚያስፈነጥረው ሞላ ነው። መርፌው በቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችውን ትንሽ ተቀጣጣይ በደንብ ካልነደላት ጥይቱ አይተኮስም። ሞላውን ስታለሰልሰው ጣትህ ይቀለዋል፣ ግን ምቱም አብሮ ይለሰልሳል። ሌላው ወፍራም ሞላ ደግሞ ከተኩሱ በኋላ የላይኛውን ብረት መልሶ የሚዘጋው ነው። እሱንም ካላላኸው ብረቱ ወደ ኋላ ሲሄድ አካሉን ይደበድባል፣ ሲመለስም አንዳንዴ ሳይዘጋ ይቀራል።

የማውቀው አንድ ልጅ አለ፤ ሌሊት ሠራተኛ ነው። የቀየረውን ቃታ ሲያሳየኝ «ቅቤ ነው እኮ፣ ቅቤ!» አለኝ። ተኩስ መለማመጃ ይዤው ሄድኩ። ከ10 ጥይት 3ቱ ጭጭ አሉ። «ጥይቱ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ሌላ ፓኮ ገዛን፤ ያው ሆነ። የፋብሪካውን ሞላ መልሶ ሲያስገባው ሁሉም ተኮሱ። እንግዲህ ፍረዱ! ያ ጭጭታ ማደያው ውስጥ፣ ዘራፊ ፊት ለፊቱ ቆሞ ቢሆንስ?

ሌላው ጉድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰው ሲደነግጥ እጁ ይጨበጣል፤ ጣትም የእጅ ወገን ነው። የኒውዮርክ ፖሊስ ይህን ፈርቶ ነው በ1990ዎቹ ለፖሊሶቹ ግሎክ ሽጉጥ 12 ፓውንድ፣ ማለትም 5.4 ኪሎ ግድም የሚፈልግ ጠንካራ የቃታ ሞላ ያስገጠመው። ተራው ግሎክ 5.5 ፓውንድ ገደማ ነበር። እርግጥ ጥንካሬም ዕዳ አለው። ነሐሴ 2012 (እ.ኤ.አ.) በኤምፓየር ስቴት ሕንጻ አጠገብ ሁለት ፖሊሶች አንድ ነፍሰ ገዳይ ላይ 16 ጥይት ሲተኩሱ 9 መንገደኞች ቆሰሉ፤ ብዙ ባለሙያዎችም ጣታቸውን ያዘወለገው ያ ከባድ ቃታ ነው ብለው ተቹ። በ2021 መምሪያው ለአዳዲስ ምልምሎች ቀለል ያለውን ፈቀደ። የቃታ ለዋጮቹ ጠበቆች ይህን ሲሰሙ «አየህ!» ይሉኛል። ምኑን ነው የማየው? ፖሊሱ ከ12 ወደ 5 ወረደ። ያንተ ሽጉጥ ከፋብሪካው ሲወጣም እዚያው ግድም ነው። አንተ ወደ 3 ልታወርደው ነው የምትሟገተው። ፖሊሱ ደግሞ ሥልጠና አለው፤ ያንተ ሥልጠና ግን ቪዲዮ ነው።

ብርጭቆ ወረቀት ይዘው የውስጡን ብረት የሚፍቁትስ? መርፌውን ይዞ የሚያቆየው ጥርስ በጥቂቱ ከተበላ፣ ሽጉጡ ወለል ላይ ሲወድቅ ሊተኩስ ይችላል። የብራዚሉ ታውረስ ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ ሽጉጦቹ ሲወድቁ ይተኩሳሉ ተብሎ ተከሶ፣ ጥፋቱን ባያምንም፣ በ2015 ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ 9 ዓይነት ሽጉጦችን የሚመለከት ስምምነት ውስጥ ገባ። መሐንዲስ ያለው ፋብሪካ እንዲህ ከተከሰሰ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የተፋቀው ምን ሊባል ነው? ፍርድ ቤት ብትቆምስ፣ የከሳሽ ጠበቃ «ቃታውን ለምን አላላኸው?» ብሎ ቢጠይቅህ «ቅቤ እንዲሆንልኝ» ትለው ይሆን?

ሞላ አይለወጥም አላልኩም። ብዙ ሺህ ጥይት የተኮሰ ሞላ ይደክማል፤ ያኔ በዚያው በፋብሪካው ጥንካሬ ይተካ፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ሸካራነቱም ቢሆን በማጽዳት፣ ትንሽ ዘይት በመቀባትና ደጋግሞ በመተኮስ ይቀንሳል። ለቃታው ያሰባችሁትን 100 ዶላር ጥይት ግዙበትና ተለማመዱበት፤ የተረፈውን የሚቆለፍ ሣጥን ግዙበት፣ ቤት ውስጥ ልጅ አለ። ቀድሞውኑ የለወጣችሁ ደግሞ የድሮው ሞላ የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንደገባ ዛሬውኑ ፈልጉት። የለወጠላችሁ ሰው ጋ ቀርቶ ከሆነም ለፋብሪካው ጻፉና ሌላ አስልኩ።