የበረዶው ባሕር እንግዶች



በዚህ ወር አምዳችን ወደ አንድ ሩቅ ባሕር ይወስደናል። ከግሪንላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ማዶ ተነስቶ፣ በሰሜን ካናዳ ደሴቶች መካከል እየተጠማዘዘ አልፎ እስከ አላስካ የሚዘልቀው የውኃ መንገድ የሰሜን ምዕራብ መተላለፊያ ይባላል። አውሮፓውያን ወደ ቻይናና ወደ ሕንድ የሚያደርስ አጭር መንገድ እናገኛለን ብለው ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ መርከብና ሰው የገበሩለት ባሕር ነው። ዛሬ ግን ገንዘብና ጤና ያለው ሰው ትኬት ቆርጦ፣ በነሐሴና በመስከረም ግድም ይሻገረዋል።

እኔ አልሄድሁም፤ በመምህር ደመወዝ የሚታሰብም አይደለም። ነገር ግን የዓለም ካርታ በሰሌዳው ላይ በሰቀልሁ ቁጥር ተማሪዎቼ ጣታቸውን የሚያሳርፉት ከላይ ነጭ ሆኖ በተተወው ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ላስረዳቸው ስል ብዙ አነበብሁ። ካነበብሁት ውስጥ ከበረዶው ይልቅ የሰዎቹ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

የአሰሳ ጉዞ የሚባለው ከተለመደው የመርከብ ሽርሽር ይለያል። በሜዲትራኒያን ላይ የሚመላለሱት ግዙፍ መርከቦች በሺህ የሚቆጠር ሰው ጭነው ከወደብ ወደ ወደብ ይሄዳሉ። በአርክቲክ ግን በአብዛኛው ቦታ ወደብ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ መርከቦቹ አነስ ያሉ፣ አካላቸው የበረዶ ግፊት እንዲችል ሆኖ የተሠራ፣ የሚጭኑትም ብዙውን ጊዜ ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ሰው ያህል ነው። መንገደኛ የያዘ መርከብ መተላለፊያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያቋረጠው በ1984 ሲሆን፣ ስሙም ሊንድብላድ ኤክስፕሎረር ይባል ነበር። መርከቡ ከጠረፉ ራቅ ብሎ ይቆምና መንገደኞቹ ዞዲያክ በሚባሉ በአየር የተነፉ የጎማ ጀልባዎች ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ወደ ምድር ይወሰዳሉ። ከእነርሱ በፊት ጠመንጃ የያዙ ጠባቂዎች ወርደው በአካባቢው ነጭ ድብ አለመኖሩን ያጣራሉ። የባዕድ ሣር ዘር ይዞ እንዳይገባ የመንገደኛው ጫማ ሳይቀር ተጠርጎ ታጥቦ ነው የሚወረደው። ፕሮግራሙም ታትሞ ይሰጣል፤ የሚፈጸመው ግን በረዶው ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ስለ ድቡ ካነሳን አይቀር፣ በ2018 ስቫልባርድ በተባሉት የኖርዌይ ደሴቶች ላይ አንድ የመርከብ ጠባቂ በነጭ ድብ ተጎድቶ፣ ድቡም በጥይት ተገድሏል። ድቡ ከቤቱ አልወጣም፤ የመጣበት ሰው ነው። የኖርዌይ መንግሥት ከ2025 መግቢያ ጀምሮ በዚያ ምድር ማንም ሰው ከድብ ቢያንስ 300 ሜትር፣ ከማርች እስከ ጁን ባለው ጊዜ ደግሞ 500 ሜትር እንዲርቅ፣ በጥብቅ ክልሎችም ውስጥ ከ200 በላይ መንገደኛ የጫነ መርከብ እንዳይገባ ደንግጓል። በእኔ እምነት የዘገየ ነገር ቢሆንም ተገቢ ነው።

አሁን ወደ መተላለፊያው እንመለስ። አብዛኛዎቹ መርከቦች ቢቺ በምትባል ጠጠርማ ደሴት ላይ ይቆማሉ። በዚያም ሦስት መቃብሮች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ በ1846 የሞቱ የሰር ጆን ፍራንክሊን መርከበኞች ናቸው። ፍራንክሊን በሜይ 1845 ከእንግሊዝ ሲነሳ ኤርበስና ቴረር የሚባሉ ሁለት መርከቦች ነበሩት። የእንፋሎት ሞተር ተገጥሞላቸዋል፤ የሦስት ዓመት ስንቅ በቆርቆሮ ታሽጎ ተጭኗል፤ በያንዳንዳቸው ከአንድ ሺህ በላይ መጻሕፍት ነበሩ። በሴፕቴምበር 1846 ከኪንግ ዊልያም ደሴት ሰሜን ምዕራብ በረዶ ያዛቸውና ሳይለቃቸው ቀረ። ፍራንክሊን በጁን 1847 ሞተ። በኤፕሪል 1848 የተረፉት 105 ሰዎች መርከቦቹን ጥለው፣ ከባድ ጀልባ በበረዶ ላይ እየጎተቱ በእግራቸው ወደ ደቡብ ጉዞ ጀመሩ። ከ129ኙ ሰዎች አንድም ወደ አገሩ አልተመለሰም።

ልብ በሉ፤ ያ ምድር ባዶ አልነበረም። ኢንዊት የሚባሉት ሕዝቦች ከነልጆቻቸው ይኖሩበት ነበር። እናት ልጇን የካሪቡ (የዋልታ አጋዘን ማለት ነው) ቆዳ ሰፍታ ታለብሳለች፤ አባት በበረዶው ላይ ከከፈተው ቀዳዳ አጠገብ ቆሞ ሲል የሚባለውን የባሕር እንስሳ ትንፋሽ ለመውሰድ እስኪወጣ ይጠብቃል። እርግጥ ነው፣ 105 ሰው በአንድ ጊዜ በዚያ ምድር አድኖ መጥገብ ለኢንዊቶቹም ቢሆን ይከብድ ነበር። ቢሆንም የሱፍ ካፖርት ለብሶ፣ የቆርቆሮ ሥጋ ይዞ በዚያ ብርድ መቆየት እንደማይቻል የሚያውቅ ሰው በቅርብ ነበር። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይላል የኛ ሰው።

ከዚያ በኋላ የሆነው የባሰ ያሳዝናል። በ1854 ጆን ሬይ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ኢንዊቶችን አግኝቶ አነጋገራቸው። ሬይ እንደ እነርሱ ለብሶ፣ እንደ እነርሱ የበረዶ ቤት ሠርቶ የሚያድር ሰው ነበር። አርባ ያህል ነጮች ጀልባ እየጎተቱ ወደ ደቡብ ሲሄዱ እንደታዩ፣ በኋላም ሬሳቸው እንደተገኘ፣ ረሃብ ቢጠናባቸውም የሞቱ ጓደኞቻቸውን ሥጋ እስከ መብላት እንደደረሱ ነገሩት። ማንኪያና ሹካቸውን ሳይቀር ገዝቶ እንደ ማስረጃ ይዞ ሄደ። ለንደን ግን ተቆጣች። የፍራንክሊን ባለቤት ሰውየውን ጠላችው። ታላቁ ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ በሚያዘጋጀው መጽሔት ላይ የኢንዊቶች ቃል የማይታመን ነው ብሎ ከመሟገትም አልፎ፣ ምናልባት መርከበኞቹን የገደሏቸው እነርሱ ራሳቸው ይሆናሉ የሚል ጥርጣሬ አሰማ። ሌሎች የዋልታ አሳሾች የሰርነት ማዕረግ ሲሰጣቸው፣ ሬይ ሳይሰጠው በ1893 ሞተ።

ታዲያ እውነቱ ምን ሆነ? በ1990ዎቹ ውስጥ የመርከበኞቹ አጥንት ሲመረመር የቢላ ምልክት ተገኘበት። ኤርበስ በ2014 የተገኘው፣ አንድ መርከብ ሰመጠ ብለው የኢንዊት አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው ሲያወርሱት በኖሩት ባሕር ውስጥ ነው። ቴረር ደግሞ በ2016 የተገኘው አንድ የጆአ ሄቨን ኢንዊት ከዓመታት በፊት ከበረዶው ላይ ብቅ ያለ ምሰሶ የሚመስል እንጨት ማየቱን ለፈላጊዎቹ በመናገሩ ነው። ከመቶ ስድሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በአንጻሩ ኖርዌያዊው ሮአልድ አሙንድሰን በ1903 ጆአ በምትባል ትንሽ ጀልባ ስድስት ሰዎች ይዞ መጣ። ራሱ ሬይ ባገኘው የተሻለ መንገድ፣ በኪንግ ዊልያም ደሴት ምሥራቅ በኩል ገብቶ በአንድ የተከለለ ወሽመጥ ሁለት ክረምት ከረመ። ዛሬ ጆአ ሄቨን የሚባለው መንደር ያለበት ቦታ ነው። በዚያም የቆዳ ልብስ እንዴት እንደሚለበስ፣ ውሾች ጋሪ እንዴት እንደሚጎትቱ፣ የበረዶ ቤት እንዴት እንደሚሠራ ከኢንዊቶች ተማረ። በ1906 አላስካ ደርሶ መተላለፊያውን በመርከብ የጨረሰ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1911 ወደ ደቡብ ዋልታ ሲሄድ የተጠቀመበትም ይኸው የተማረው ነገር ነው።

ዘመናዊ መርከብ ይህ ችግር የለበትም የሚል ቢኖር የ2010ን ታሪክ ይስማ። በዚያ ዓመት በኦገስት 27 ክሊፐር አድቬንቸረር የተባለ መርከብ 128 መንገደኞች ይዞ ኩግሉክቱክ ከተባለው መንደር ምሥራቅ በውኃ ሥር ካለ ቋጥኝ ላይ ወጣ። ቋጥኙ ከሦስት ዓመት በፊት ተገኝቶ ለመርከበኞች ማስጠንቀቂያ ወጥቶለት ነበር፤ መርከቡ ግን ማስጠንቀቂያውን ሳይዝ ነው የሄደው። የዚያ ባሕር ጥልቀት በአብዛኛው በዘመናዊ መሣሪያ ገና አልተለካም። መንገደኞቹ ሁለት ቀን ያህል ጠብቀው በደህና ወጡ፤ ያወጣቸው የካናዳ በረዶ ሰባሪ መርከብ ስም አሙንድሰን መሆኑ ይገርመኛል። በ2023ም በምሥራቅ ግሪንላንድ ኦሽን ኤክስፕሎረር የተባለ መርከብ 206 ሰው እንደያዘ ጭቃ ላይ ተቀምጦ፣ ከሦስት ቀን በኋላ አንድ የዓሣ ምርምር መርከብ ጎትቶ አወጣው። ሁለቱም ጊዜ አየሩ ዝም በማለቱ አልሐምዱሊላህ ሰው አልጠፋም። እንግዲህ አየሩ ባይመች ኖሮ ብላችሁ አስቡት።

ለሙስሊም መንገደኛ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፤ የሶላት ወቅት። እንደ ፖንድ ኢንሌት ባሉ መንደሮች ከሜይ መጀመሪያ እስከ ኦገስት መጀመሪያ ፀሐይ ጭራሽ አትጠልቅም። መርከቦቹ በብዛት በሚያልፉበት በኦገስት መጨረሻ ትጠልቃለች፤ ነገር ግን የምሽቱ ወገግታ ሳይጠፋ የንጋቱ ይደርሳል፤ ዒሻና ፈጅር የሚለዩበት ጨለማ የለም። ይህ አዲስ ጉዳይ አይደለም። ኢብን ፈድላን ከባግዳድ ተነስቶ በ922 ቮልጋ ቡልጋሮች አገር ደርሶ፣ ከሌሊቱ ማጠር የተነሳ ዒሻን ከመግሪብ ጋር እንደሚሰግዱና ሱብሒ እንዳያመልጠው በመፍራት እንቅልፍ ያጣ ሙአዚን እንዳጋጠመው ጽፏል፤ ያም ከአርክቲክ ብዙ በስተደቡብ ያለ ቦታ ነው። ዑለማዎች መሠረት የሚያደርጉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ደጃል ዘመን ረጅም ቀን ሲጠየቁ ወቅቱን ገምቱ ማለታቸውን ሲሆን፣ ከዚያ በመነሳት ከፊሎቹ ሌሊትና ቀን የሚለይበትን የቅርብ ከተማ፣ ከፊሎቹ የመካን ሰዓት መከተል ይቻላል ይላሉ። በካናዳ ኢኑቪክ ከተማ የሚኖሩ ሙስሊሞች በረመዷን የኤድመንተንን ሰዓት ሲከተሉ ቆይተዋል። መስጊዳቸው በ2010 ዊኒፔግ ላይ ተሠርቶ በመኪናና በወንዝ ጀልባ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የደረሰላቸው ነው። የሚሄድ ሰው ዓሊም ጠይቆ፣ ሰዓቱን ጽፎ ይዞ ይነሳ። ቂብላንም በኮምፓስ እፈልጋለሁ ብሎ አይመካ፤ ጄምስ ክላርክ ሮስ በ1831 መግነጢሳዊውን የሰሜን ዋልታ ያገኘው በዚያው አካባቢ ነው። ዋልታው ዛሬ ወደ ሳይቤሪያ አቅጣጫ ርቆ ቢሄድም መርፌው በነዚያ ደሴቶች መካከል አሁንም አይታመንም። ከጆአ ሄቨን ወደ መካ አጭሩ አቅጣጫ ወደ ሰሜን ምሥራቅ መሆኑን ስነግራቸው ተማሪዎቼ አላመኑኝም፤ ሉል አምጥቼ ክር ዘርግቼ ነው ያሳየኋቸው።

ሌላው የመንደሮቹ ጉዳይ ነው። በ2016 ክሪስታል ሴሬኒቲ የተባለ ትልቅ መርከብ አንድ ሺህ ያህል መንገደኞችና ስድስት መቶ ያህል ሠራተኞች ይዞ መተላለፊያውን ሲሻገር፣ ከቆመባቸው ቦታዎች አንዱ ኡሉክሃክቶክ ነበር፤ አራት መቶ ያህል ሰው የሚኖርበት መንደር። ከአንድ መንገደኛ የተከፈለው ዋጋ ከ20,000 ዶላር በላይ ነው። መንገደኞቹ በቡድን በቡድን መውረዳቸው መልካም ነው። ሆኖም እንግዳው በመርከቡ በልቶ፣ በመርከቡ ተኝቶ፣ መንደሩን በሁለት ሰዓት አይቶ ከተመለሰ ለባለቤቶቹ የሚተርፋቸው ፎቶግራፍ መነሳት ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ክፍሉ ስፋት ሳይሆን፣ በመርከቡ ላይ በደመወዝ የሚያስረዳ ኢንዊት አለ ወይ ብሎ ነው። ከእጃቸው ሥራ ከድንጋይ የተቀረጸውን መግዛት ይቀላል። የሲል ቆዳና የዋልረስ ጥርስ ግን አሜሪካን ወደመሳሰሉ አገሮች ይዞ መግባት ሕግ ይከለክላል። ሕጎቹ እንስሳትን ለመጠበቅ ቢወጡም ኑሮው በአደን የሆነውን ሰው ገበያ ጎድተዋል።

የመርከቡ ጭስም አለ። አርክቲክ ከ1979 ወዲህ ከዓለም አማካይ አራት እጥፍ ገደማ በፈጠነ ሁኔታ እየሞቀ መሆኑን በ2022 የወጣ ጥናት ያሳያል። ጥቀርሻው በረዶ ላይ ሲያርፍ ነጩን ያጠቁረዋል፤ የጠቆረ ነገር ደግሞ ሙቀት ይስባል። ሳይቀልጥ እንየው እያለ የሚሄደው መርከብ መቅለጡን ያግዛል ማለት ነው። ከባዱ የመርከብ ነዳጅ በአርክቲክ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ተከልክሏል፤ ለአንዳንድ መርከቦች ግን እስከ 2029 የሚቆይ ፈቃድ ተትቶላቸዋል።

የኤርበስና የቴረር ፍርስራሽ ያለበትን ቦታ ዛሬ ያለፈቃድ መጎብኘት አይቻልም። ከባሕር የወጣው ዕቃ አብዛኛው የካናዳ መንግሥትና የኢንዊቶች የጋራ ንብረት ነው። በበጋ ወራት በአቅራቢያው ድንኳን ተክለው ባሕሩን የሚጠብቁት የጆአ ሄቨን ሰዎች ናቸው፤ ክትትሉንም ከካናዳ የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ጋር ይሠሩታል።