ሩጫ በለቅሶ ቤት ደጃፍ

በጎረቤት ለቅሶ ሲኖር ሠርገኛ ከበሮውን ያሳርፋል። ይህን ማንም መጽሐፍ ገልጦ አላስተማረንም፤ ከእናታችን ቀሚስ ሥር ሆነን ያየነው ሥርዓት ነው። ሠርጉ ሊተላለፍ የማይችል የሆነ እንደ ሆነም ወደ ለቅሶው ቤት ሽማግሌ ይላካል፤ ኀዘንተኛው «ይሁን፤ የእናንተን ደስታ የእኔ ኀዘን አያስቀረውም፤ ደግሱ» ካለ በኋላ ነው እልልታ የሚሰማው። እንግዲህ ዛሬ ለአንባቢዎቼ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ከዚህ የሚወጣ ነው። ኀዘንተኛው አንድ ቤት ሳይሆን አንድ ሰፈር ወይም አንድ ከተማ ሲሆን፣ ደስታውም ሠርግ ሳይሆን የሩጫ ውድድር ሲሆን፣ ሽማግሌው የሚላከው ወደ ማን ነው?

ጥያቄውን ያስነሣብኝ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የደረሰ ነገር ነው። ባለፈው ሚያዝያ አንድ ሌሊት የጣለው ዝናብ ከትምህርት ቤቱ በታች ያለውን ወንዝ አፍ እስከ ገደፉ ሞላው፤ በዳርቻው የነበሩትንም ጥቂት ቤቶች ግድግዳቸውን አፍርሶ ዕቃቸውን ጠርጎ ወሰደ። የሰው ሕይወት አልጠፋም፤ ተመስገን ነው። ነገር ግን ስምንት ቤተ ሰብ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተጠለለ፤ ከጎርፉ የተረፈው ፍራሽና ብርድ ልብስም በስፖርት ሜዳችን ላይ ለፀሐይ ተሰጣ። የዓመቱ የሩጫ ውድድራችን የተቆረጠው ደግሞ ለዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ በዚያው ሜዳ ላይ ነበረ።

በመምህራን ስብሰባ ነገሩ ተነሥቶ ለሁለት ተከፈልን። ግማሹ «ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ የተዘጋጁበት ነው፤ ይደረግ» አለ። እኔ ግን «ይሰረዝ» ከሚሉት ወገን ነበርሁ፤ ለማስረጃም ያቀረብሁት በኒውዮርክ ከተማ የሆነውን ነው። ታሪኩ ለብዙዎች የሚጠቅም ስለ መሰለኝ እዚህም እደግመዋለሁ።

ጥቅምት 19 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ኦክቶበር 29 ቀን 2012፣ ሰኞ ማታ ሳንዲ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ላይ ወረደ። ጨረቃዋ ሙሉ የሆነችበት፣ ባሕሩም በራሱ ሥርዓት ከፍ የሚልበት ሰዓት ስለ ነበረ፣ ነፋሱ የገፋው ውሃ በዚያ ላይ ተደርቦ በማንሃታን ደቡባዊ ጫፍ ከዝቅተኛው የባሕር መጠን በላይ ከ4 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ደረሰ። ውሃው ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራ የኖረውን የምድር ውስጥ ባቡር መንገድ ዋሻዎች ሞላ፤ አንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ ፈነዳ፤ የማንሃታን ደቡባዊ ክፍልም ጨለማ ለበሰ። በከተማይቱ ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከእነዚህ ከእኩሌታ በላይ የሚሆኑት የሞቱት ስታተን አይላንድ በምትባለው ደሴት ነበረ። ይህች ደሴት ከኒውዮርክ አምስት ክፍለ ከተማዎች አንዷ ስትሆን ወደ 470 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ነበራት።

የኒውዮርክ ማራቶን በየዓመቱ የሚነሣው ደግሞ ከዚችው ደሴት ነው። ሯጩ ከታላቁ የቬራዛኖ ድልድይ አጠገብ ተሰልፎ ይነሣና አምስቱንም ክፍለ ከተማዎች አዳርሶ፣ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ከሮጠ በኋላ ሴንትራል ፓርክ በተባለው መናፈሻ ይጨርሳል። በዚያ ዓመት ወደ 40 ሺህ ሯጭ ይጠበቅ ነበረ። ቀኑም ጥቅምት 25 እሑድ፣ ማለት ነፋሱ ከወረደ ከ6 ቀን በኋላ ነበረ።

ከንቲባው ማይክል ብሉምበርግ ውድድሩ አይቀርም አሉ። በከንቱ አልነበረም ያሉት። ብዙዎቹ ሯጮች ገንዘባቸውን ከፍለው ከሩቅ አገር መጥተዋል፤ ሆቴሉና ምግብ ቤቱ የሚያገኘው ገቢ ለተጎዳ ከተማ ይበጃል፤ ሕዝቡም ልቡን የሚያነሣለት ነገር ይፈልጋል የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ከዚህም ሌላ ከ11 ዓመት በፊት የሆነውን ጠቀሱ። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ እኛ ዕንቁጣጣሽ ስንል በዋልንበት ቀን፣ የኒውዮርክ ሁለቱ ታላላቅ ሕንፃዎች በሰው እጅ በፈረሱበት ጊዜ፣ ማራቶኑ በዚያው ዓመት ጥቅምት 25 ቀን ተደርጎ ነበረ። ያሸነፈውም የእኛው ተስፋዬ ጅፋር ነው፤ የገባበት 2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ43 ሴኮንድ እስከ 2004 ዓ.ም. ድረስ የውድድሩ ክብረ ወሰን ሆኖ ኖረ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው በሩጫው ተጽናና።

ታዲያ በ1994 ያጽናና ሩጫ በ2005 ስለ ምን ቁጣ አስነሣ?

አንደኛው ምክንያት ጊዜ ነው። በ1994 ከጥፋቱ እስከ ሩጫው 54 ቀን አልፎ ነበረ፤ በ2005 ግን 6 ቀን ብቻ። ከሠልስት በኋላ የሚነገር ነገር አስከሬን ገና ሲፈለግ አይነገርም። ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት ግን ዕቃው ነው። ነፋስና ጎርፍ የሚወስዱት መብራትን፣ ውሃን፣ ብርድ ልብስን፣ ማደሪያን ነው፤ ማራቶን የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። በሴንትራል ፓርክ ለጋዜጠኞች ድንኳን መብራት እንዲሰጡ ታላላቅ ጄኔሬተሮች ተተክለው ነበረ፤ አንድ ጋዜጣ ይህንኑ በፊት ገጹ ላይ አውጥቶ አጋለጠው። በጨለማና በብርድ የተቀመጠ ሰው ይህን ሲያይ ምን ይበል? በስታተን አይላንድም አንድ የሆቴል ባለቤት ክፍሎቹ አስቀድመው ለሯጮች የተያዙ ሲሆኑ፣ ቤታቸው የፈረሰባቸውን ሰዎች አስወጥቼ ሯጭ አላስገባም ሲል እንቢ አለ። ከንቲባው ፖሊሱም መብራቱም አይጓደልም ቢሉ፣ የሚሰማቸው ጠፋ።

በመጨረሻ ዓርብ ጥቅምት 23 ማታ፣ ሁለት ቀን ብቻ ሲቀረው፣ ውድድሩ ተሰረዘ። ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ሲደረግ የኖረ ውድድር ሲቋረጥ ያ የመጀመሪያው ነው።

እዚህ ላይ የሯጩንም ጉዳት መርሳት አይገባም። ማራቶን የሚሮጥ ሰው በዓመት ከሁለት ወይም ከሦስት ጊዜ በላይ ለመሮጥ አካሉ አይፈቅድለትም፤ የአንድ ውድድር መቅረት ለእርሱ የብዙ ወር ድካም መቅረት ነው። በ2004 ዓ.ም. በዚሁ ውድድር ፍሬሕይወት ዳዶ አንደኛ ስትወጣ፣ ብዙነሽ ደባ በ4 ሴኮንድ ብቻ ተቀድማ ሁለተኛ ሆናለች። ብዙነሽ በዚያን ጊዜ የምትኖረው እዚያው ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ በተባለው ክፍለ ከተማ ነበረ። እንዲህ በ4 ሴኮንድ ለሚለያዩ ሰዎች «ሩጫ ጨዋታ ነው፤ ቢቀር ምን አለበት» ማለት ለገበሬ «አዝመራ ጨዋታ ነው» እንደ ማለት ይቈጠራል።

ከታሪኩ ሁሉ እኔን ደስ ያሰኘኝ ግን እሑድ የሆነው ነው። ውድድሩ በቀረበት ጠዋት ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሯጮች የውድድር ልብሳቸውን እንደ ለበሱ፣ በጀርባ ቦርሳቸው ልብስና መድኃኒት፣ የእጅ ባትሪና ምግብ ይዘው በጀልባ ወደ ስታተን አይላንድ ተሻገሩ። ከጀልባው ወርደውም ወደ ተጎዱት ሰፈሮች እየሮጡ ሄዱ፤ ያመጡትንም ሰጥተው ጭቃ ሲዝቁና የራሰ ዕቃ ሲያወጡ ዋሉ። ያ እግር ለሜዳሊያ የሠለጠነ እግር ነበረ፤ ለጭነትም በጀ። በዓመቱ ጥቅምት 24 ቀን 2006 ዓ.ም. ውድድሩ ሲመለስ ከ50 ሺህ የሚበልጥ ሰው ጨረሰ። ብዙነሽም ለብዙ ኪሎ ሜትር ስትመራ ቆይታ በመጨረሻ በኬንያዊቷ ፕሪስካ ጄፕቱ ተቀደመች፤ እንደገና ሁለተኛ ወጣች። በወንዶቹም ጸጋዬ ከበደ ሁለተኛ ሆነ። ያንን ሩጫ በለቅሶ ቤት ደጃፍ የተመታ ከበሮ ነው ያለ ሰው አልሰማሁም።

ይህን ሁሉ በስብሰባው ላይ ዘርዝሬ ስጨርስ የረታሁ መስሎኝ ነበረ። ከስብሰባው ስወጣ ግን አንድ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ በሩ ላይ ጠበቀኝ። አዳራሹ ውስጥ ከተጠለሉት ቤተ ሰቦች የአንዱ ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ ውድድሩ ይሰረዝ ብለዋል አሉ» አለኝ።

«አዎን፤ ስለ እናንተ ብዬ ነው» አልሁት።

«ቤታችንን ጎርፍ ወሰደው። ሩጫዬን ደግሞ እርስዎ ሊወስዱብኝ ነው?» አለኝና ዐይኑን ወደ መሬት ጣለ።

የምመልሰው አጣሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ያህል ስለ ኒውዮርክ ስናገር ከዚያው ከግድግዳው ማዶ ያሉትን ሰዎች አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁም ነበረ። ከንቲባውን የወቀስሁበት ጥፋት በእኔም ላይ ተገኘ፤ እርሳቸው ኀዘንተኛውን ሳይጠይቁ «ይደረግ» አሉ፤ እኔም ኀዘንተኛውን ሳልጠይቅ «ይሰረዝ» አልሁ።

በማግስቱ ከዲሬክተሩ ጋር ወደ አዳራሹ ገብተን ጠየቅን። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ባልቴት ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «ልጆቹ ይሩጡ እንጂ፤ ምን በወጣቸው። ግን ልጄ፣ ፍራሹ እስኪደርቅ ቆዩልን» አሉኝ። እኛ በስብሰባ ሁለት ሰዓት የተከራከርንበትን እርሳቸው በሁለት ቃል ጨረሱት።

እንደ ቃላቸው ተደረገ። በተቆረጠው ቅዳሜ ተማሪዎቹ በሩጫ ፋንታ ድንጋይና ጭቃ ሲያመላልሱ ዋሉ። ውድድሩም ፍራሹ ደርቆ፣ ሜዳው ተለቅቆ፣ ከአራት ሳምንት በኋላ ተደረገ፤ ለሯጮች የሚጠጣው ውሃ ከአዳራሹ በርሜል እንዳይቀዳ ስለ ታዘዘ እያንዳንዱ ከቤቱ ይዞ መጣ። ባልቴቲቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበረ። ያ ልጅ አራተኛ ወጣ። የተዋሰው ጫማ ሰፍቶት እንደ ነበረ ነገረኝ፤ እኔም አምኜዋለሁ።

ከአንባቢዎቼ ብዙዎቹ ዛሬ በትምህርት ላይ ያሉ ወይም በየመሥሪያ ቤቱ ገና ሥራ የጀመሩ ናቸው። ነገ አንዳንዶቹ በጠረጴዛ ራስ ተቀምጠው፣ ጎርፍ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ ባገኘው አገር በዓል ይደረግ፣ ውድድር ይቅር የሚል ወረቀት ላይ ይፈርማሉ። ብዕራቸውን ከማንሣታቸው በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቁ መልካም ነው። ሩጫው የሚጠጣው ውሃ የማን ነው? የሚበራው መብራት ከማን ቤት የጎደለ ነው? ኀዘንተኛውስ ተጠይቆ ምን አለ? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በቢሮ ተቀምጦ ከመዝገብ ማግኘት ይቻላል። ሦስተኛውን ለማግኘት ግን ተነሥቶ ወደ አዳራሹ መሄድ ያስፈልጋል።