ዘንግ ከመግዛታችሁ በፊት ወንዙን እዩት

አምቦ ላይ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዛችሁ ብትወጡ ሦስት ዓይነት ሰው ያጋጥማችኋል። አንደኛው «እዚህ ደግሞ የምን ዓሣ አለ?» ይላል። ሁለተኛው «ስንት ገዛሽው?» ይላል። ሦስተኛዋ፣ ብዙ ጊዜ የሰፈር እናት ናት፣ «ሴት ልጅ ወንዝ ዳር ምን ትሠራለች?» ትላለች። ለሦስተኛዋ ዛሬም መልስ የለኝም። ለአንደኛው ወደታች ስንወርድ የምለው አለኝ። የዛሬው ጽሑፍ ግን በዋናነት ለሁለተኛው ነው። ስንት ተገዛ ከሚለው በፊት ምን ዓይነት ዘንግ ይገዛ የሚለው ይቀድማላ! በዚህ ጉዳይ ደግሞ ብዙዎቻችን ገንዘባችንን ወንዝ ውስጥ እየጣልን ነው ባይ ነኝ።

አቋሜን መጀመሪያ ላስቀምጥ። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በጌዶ የምንኖር፣ ኪሳችንም የማይጮኽ ወጣቶች አንድ ዘንግ ብቻ እንግዛ። ያ ዘንግ ረጅም፣ ውድና «የአሜሪካ» መሆን የለበትም። መካከለኛ ይሁን። ምክንያቴን ልዘርዝር።

ከሻንጣ የሚወጣው ዘንግ

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከሻንጣ ነው። ዋሽንግተንና ሜሪላንድ አካባቢ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ለዕረፍት ሲመጡ፣ ዓሣ ማጥመድ የሚወድ ልጅ እንዳለ ከሰሙ፣ እዚያ የሚያውቁትን ዘንግ ይዘው ይመጣሉ። እዚያ የሚያውቁት ደግሞ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤና ከአትላንቲክ ዳርቻ አሸዋ ላይ ተቁሞ የሚወረወረውን ነው። የሚጠመደው ዓሣ ስትራይፕድ ባስ ይባላል፤ ጎኑ ላይ ጥቋቁር መስመሮች ያሉት፣ ጉልበተኛ ዓሣ ነው። ሜሪላንዶች ሮክፊሽ ይሉታል፤ የግዛታቸው መለያ ዓሣም አድርገውታል።

ለዚህ ዓሣ የሚመረጠው «ሁለገብ» ዘንግ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከ2.7 እስከ 3.3 ሜትር ነው። ከ30 እስከ 110 ግራም የሚመዝን ነገር ይወረውራል። እንዲህ የረዘመው ለጌጥ አይደለም። ማዕበሉ እግራችሁ ሥር ሲሰበር ዓሣው ያለው ከማዕበሉ ማዶ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ረጅም ክንድ ያስፈልጋል። ከዚያም ክሩን ከማዕበሉ በላይ ከፍ አድርጎ መያዝ አለ። እዚያ ቦታ ላይ ቆሞ ላየው ሰው፣ ዘንጉ አንድም ትርፍ ነገር የለውም።

አሁን ይህንኑ ዘንግ ጉደር ወንዝ አምጡት። መጀመሪያ ሚኒባስ ላይ ችግር አለ፤ ለሁለት ተከፍሎ እንኳ አንዱ ቁራጭ ከአንድ ሜትር ተኩል ሊያልፍ ይችላል፤ ረዳቱም «ይሄ የአንድ ሰው ቦታ ይይዛል፣ ክፈይ» ይላል (እውነቱን ነው፣ ይይዛል)። ወንዙ ዳር ደርሳችሁ እጃችሁን ወደኋላ ስትስቡ ጫፉ ግራር ላይ ይጠመጠማል። ከግራሩ ተርፎ ከተወረወረም ማዶ ያለው ጤፍ ማሳ ውስጥ ነው የሚያርፈው። ጤፍ ውስጥ ደግሞ፣ እስከማውቀው፣ ዓሣ የለም።

ሌላም ያልታየ ችግር አለው። ዘንግ የሚወረውረው እንደ ደጋን ነው። ጫፉ ላይ የተንጠለጠለው ክብደት ሲያጎብጠው ጉልበት ያጠራቅማል፤ ሲቃና ያንን ጉልበት ይለቃል። መቶ ግራም እንዲያጎብጠው የተሠራ ዘንግ ላይ አምስት ግራም ትልና ቡሽ ብታንጠለጥሉበት ከመጤፍ አይቆጥረውም፤ ሳይጎብጥ ይቀራል። ስለዚህ ያ ሁሉ ርዝመት እያለው እግራችሁ ሥር ይጥለዋል። ትንሽ ዓሣ ነክሶ ሲጎትትም እጃችሁ ላይ አይሰማም። ቆሮሶ ትላችሁን በልቶ፣ አመስግኖ ይሄዳል።

እንግዲህ «ሁለገብ» የሚለው ቃል ብቻውን ትርጉም የለውም። ለየትኛው ውሃ ሁለገብ? ጥያቄው ይሄ ነው።

የኛ ውሃ ምን ይመስላል?

ለዚያ ለመጀመሪያው ሰውዬ እዚህ ጋ መልስ ልስጠው። አምቦ የሚታወቀው በጠርሙስ በሚገባው ውሃ ነው፤ ግን በዙሪያችን ጠርሙስ ያልገባ ብዙ ውሃ አለ። ጉደር ወደ አባይ ይገባል። አዋሽ ከዚሁ ከኛው ዞን፣ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ፣ ኮካን ሞልቶ፣ ከ1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ በኋላ አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ከጌዶ ወደ ሰሜን ስትታጠፉ እ.ኤ.አ. በ1973 የተገደበው የፊንጫ ሐይቅ አለ። ወንጪና ደንዲ አሉ፤ እነሱ ጋ ስትሄዱ ግን መንጠቆ ከማውጣታችሁ በፊት ምን እንዳለና ምን እንደሚፈቀድ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። በኦሮምኛ ዓሣ ቁርጡሚ ነው፤ ቃሉን ካወቃችሁ እረኛው ራሱ ጉድጓዱን ያሳያችኋል።

በእነዚህ ወገኖች መንጠቆ ላይ የሚመጡት ዓሦች በአመዛኙ ሦስት ናቸው። ሐይቅና ግድብ ላይ ቆሮሶ አለ፤ አፉ ትንሽ፣ ንክሻው ለስላሳ፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ኪሎ በታች። ወንዝ ላይ ጣናዎች ነጭ ዓሣ የሚሉት የባርበስ ወገን አለ፤ ፈጣን ውሃ ይወዳል፣ ሲያዝም ወደ ድንጋይ ሥር ይሮጣል። አምባዛ ደግሞ ታች ጭቃው ላይ ነው የሚውለው፤ በተለይ ሲመሽ ይበላል፤ ሲያድግ ከአሥር ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ሦስቱም የሚያዙት ከዳር ብዙ ሳይርቁ ነው። የኛ ውሃ ማዕበል የለውም። ያለው ቁጥቋጦ፣ ድንጋይና ገደል ነው።

ታዲያ የቱን?

ዘንግ ስትገዙ ከእጀታው ከፍ ብሎ የተጻፈውን አንብቡ። ሻጩ የሚያወራውን ሳይሆን እሱን። ርዝመቱና መወርወር የሚችለው ክብደት በግራም ወይም በአውንስ ተጽፏል (አንድ አውንስ 28 ግራም ገደማ ነው)። እኔ የምመርጠው ይኼን ነው።

ርዝመቱ ከ2.1 እስከ 2.4 ሜትር። ከዚህ ካጠረ ፊንጫ ዳር ሣሩን አያሻግርም፤ ከረዘመ ጉደር ላይ ዛፍ ያጠምዳል።

ክብደቱ ከ10 እስከ 40 ግራም። ታችኛው ለቆሮሶ ቡሽና ትል፣ ላይኛው ለአምባዛ ከበድ ያለ ማስጠሚያ ይሆናል። መካከለኛ የሚባለው ይሄ ነው።

አጎባበጡ ከጫፉ ሲሶው ላይ የሚጀምር ይሁን። ጫፉ ብቻ የሚታጠፍ ዘንግ የቆሮሶን ስስ ከንፈር ይቀድዳል። እስከ እጀታው የሚታጠፍ ደግሞ አምባዛን ከጭቃው አያነሳም።

ከምን ይሠራ? ካርቦኑ ቀላልና ስሜቱ ንቁ ነው፤ ግን ድንጋይ ሲመታው፣ የሚኒባስ በር ሲዘጋበት ይሰነጠቃል። ፋይበር ግላሱ ከበድ ይላል፣ ግን ቻይ ነው። የኛን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ሁለቱን የቀላቀለው ወይም ፋይበር ግላሱ ይሻለዋል። እንደ ሬዲዮ አንቴና የሚሳበው ዓይነት ለጉዞ ይመቻል፤ ነገር ግን አሸዋ ሲገባበት መገጣጠሚያዎቹ ይላላሉ። ሁለት ቦታ የሚከፈለው ዕድሜው ይረዝማል።

ክሩ የሚጠቀለልበት ሪል ላይ 3000 ቁጥር በቂ ነው። ክሩ 0.28 ወይም 0.30 ሚሊ ሜትር ናይለን ይሁን። ወሳኙ ነገር የሪሉ ፍሬን ነው። ፍሬኑን በልኩ ካላላችሁት፣ ትልቅ አምባዛ ሲሮጥ ክር ይሰጠዋል፤ ሲደክመው ታመጡታላችሁ። መካከለኛ ዘንግ ትልቅ ዓሣ የሚያወጣው በዚህ ብልሃት ነው፤ በጡንቻ አይደለም።

ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ሦስት ነገር አድርጉ። ቀለበቶቹን አንድ በአንድ በጥጥ ጥረጉ፤ ጥጡን የያዘ ቀለበት ተሰንጥቋል ማለት ነው፤ ክር ይበጥሳል። ገጣጥማችሁ ነቅንቁት፤ «ቀጭ ቀጭ» ካለ ተዉት። ከዚያ ክር አሳልፋችሁ ግማሽ ኪሎ ስኳር በፌስታል አንጠልጥሉበት፤ ጉብጠቱ ያለ ስብራት እንደ ማጭድ ካማረ ግዙ። ሻጩ ይስቅባችኋል። ይሳቅ። ብሩ የናንተ ነው።

«ቀርከሃ መች አነሰ?»

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቼ ሳወራ ሁለት ተቃውሞ ይመጣል። አንዱ «ባሕር ማዶ ያሉት ለያንዳንዱ ዓሣ የተለየ ዘንግ አላቸው፤ አንድ ዘንግ ለሁሉም አይሆንም» የሚል ነው። ልክ ነው፤ ለሁሉም አይሆንም። ጫሞ ሄዳችሁ ከመቶ ኪሎ በላይ ሊደርስ የሚችለውን ናይል ፐርች ልትጋፈጡ ከሆነ የኔን ምክር እርሱት። ግን እስቲ በሐቅ እናውራ፤ ከመቶ ቅዳሜ ስንቱን ነው ጫሞ የምንውለው? ዘንግ የሚገዛው ለሚኖሩበት ቅዳሜ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከልጅነት የመጣ ነው፤ «እኛ በቀርከሃና በሲባጎ አልያዝንም ወይ? ማስጠሚያችን የብሎን ዳዶ አልነበረም ወይ?» ይላል። ይሄኛውን አከብረዋለሁ። ጀማሪ ከሆናችሁ ቀጥ ያለ ቀርከሃ፣ አንድ መንጠቆና አንድ ዳዶ ይበቃችኋል፤ መውደዳችሁንም በነጻ ትፈትኑበታላችሁ። ዳዶው ከእርሳስ ይሻላል እንኳ፤ እርሳስ መርዝ ነው፣ ተበጥሶ ውሃው ውስጥ ይቀራል። የቀርከሃው ጉድለት ፍሬን የለውም። ትልቁ ዓሣ በመጣ ቀን መንጠቆ አፉ ውስጥ ይዞ ይሄዳል፤ እናንተም እሱም ትጎዳላችሁ።

ዘንግ ለምን?

እዚህ ድረስ ያነበበ ሰው «በመረብ ቢያዝስ? በብርብራስ?» ሊል ይችላል። ጉዳዩ ከመዝናኛ አልፎ ቁም ነገር የሚሆነው እዚህ ጋ ነው።

ብርብራ የሀገራችን ዛፍ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲጨመር ውስጡ ያለው መርዝ የዓሣውን ሰውነት ኦክስጅን እንዳይጠቀም ያግደዋል። ዓሣው ይደነዝዛል፣ ይንሳፈፋል፣ በእጅ ይለቀማል። አባቶቻችን ያውቁታል፤ ተርበውም ተጠቅመውበታል፤ በነሱ አልፈርድም። ነገር ግን ብርብራ ትልቁን ከትንሹ፣ የሚበላውን ከማይበላው አይለይም። ከጉድጓዱ አምስት ዓሣ ለማውጣት የጉድጓዱን ዘር በሙሉ ይጨርሳል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ፣ ቁጥር 315/1995፣ በመርዝ ማጥመድን ከልክሏል። ግን አዋጅ ወንዝ ዳር ቆሞ አይጠብቅም። ወንዝ ዳር የሚቆመው ሰው ነው፤ እዚያ የሚያቆመው ምክንያት ሲኖረው።

ዘንግ ያንን ምክንያት ይሰጣል። በዘንግ የሚያጠምድ ሰው አንድ በአንድ ነው የሚይዘው፤ ትንሽ ከሆነ ይመልሰዋል። የመንጠቆውን ጎን እሾህ በፒንሳ ከተጫነው ሳይጎዳው ይመልሰዋል። ነገም እዚያው ጉድጓድ መምጣት ስለሚፈልግ ጉድጓዱ ሲመረዝ ዝም አይልም። አንድ ወንዝ አሥር ባለ ዘንግ ወጣቶች ካሉት አሥር ዘበኛ አለው፤ ያለ ደመወዝ።

ዘመዶቻችን ያመጡልን የረጅሙ ዘንግ ታሪክም የሚያስተምረን ይኼንኑ ነው። ያ ስትራይፕድ ባስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከመጠን በላይ ተጠምዶ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ሜሪላንድ በ1985 ማጥመዱን ሙሉ በሙሉ አገደች፤ እስከ 1990 ድረስ። አምስት ዓመት ዘንግ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዋለ። ዓሣው ተመለሰ። በኋላም ቁጥሩ እንደገና ሲቀንስ በ2024 የወጣው ደንብ በውቅያኖሱ ዳርቻ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ዓሣ ብቻ ፈቀደ፤ እሱም ርዝመቱ በ28 እና በ31 ኢንች መካከል ከሆነ። ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ከአሜሪካ ዘንጉን ከምናስመጣ ልኩን ብናስመጣ ይሻለን ነበር።

እኛም የራሳችንን ልክ ማበጀት እንችላለን። የባርበስ ወገን በክረምት ሊራባ ወደ ወንዞች ሽቅብ ይወጣል፤ ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ወንዙን እንተወው። በዚያ ላይ ጉደር በክረምት ሲሞላ ዳሩ ራሱ ይናዳልና ለነፍሳችንም ይበጃል። ከመዳፋችን የማይበልጥ ቆሮሶ ይመለስ። ለምሳ የሚበቃንን እንያዝ፣ ከዚያ ክራችንን እንጠቅልል።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። ተረቱ ሰነፍ አጥማጅ ያወጣው ይመስለኛል፤ ግን አንድ እውነት አለው፤ የማያውቁትን ውሃ መጎርጎር አያዋጣም። ስለዚህ ገንዘብ ሳትቆጥሩ በፊት አንድ ቅዳሜ ባዶ እጃችሁን ወርዳችሁ ውሃውን እዩት። ምን ያህል ይሰፋል? ዛፉ ስንት ሜትር ላይ ነው? ታቹ ጭቃ ነው ድንጋይ? እረኛውን ጠይቁት። ከዚያ ሱቅ ሂዱና ለዚያ ውሃ የሚሆነውን ዘንግ ጠይቁ።

እና ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልሽ?» ካለ፣ «2.1 ሜትር፣ ከ10 እስከ 40 ግራም» በሉት። ሻንጣውም ይቀልለዋል።